በደንብ የበሰለ

በደንብ የበሰለ ማለት ምን ያህል ነው?

ፈጠነች ወረቀቱን ከመጽሐፍ ቅዱሷ መሃል አወጣችና ለአራተኛ ጊዜ አነበበችው። አራት ላይ የታጠፈ፣ መታጠፊያው ላይ መበጣጠስ የጀመረ የጤና ጣቢያ ወረቀት ነው። አዋላጇ ሲስተር ፀዳለ በሰማያዊ እስክሪብቶ ለነፍሰ ጡሯ ለሣራ አምስት ነገር ጽፋበታለች። ከባድ ነገር አታንሺ። ኪኒኑን አታቋርጪ። እንቅልፍ ተኚ። ክትትሉን በቀኑ ነይ። የመጨረሻው መስመር፦ «ጥሬ ሥጋ ፈጽሞ አትብይ፤ በደንብ የበሰለ ብቻ።» «ብቻ» የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። «በደንብ» የሚለው ግን እንዲሁ ነው የተቀመጠው። ስንት ደቂቃ ነው? በምን ዓይነት እሳት? ውጪው ነው የሚታየው ውስጡ? ሲስተሯ አልጻፈችም። ስልኳም ከትናንት ጀምሮ አይነሳም፤ ለበዓሉ ቦዲቲ እናቷ ዘንድ ሄዳለች ብለዋታል።

ፈጠነች እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምራለች። በእሷ ዘመን ለሴት ልጅ ያ ብዙ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑን የሴቶች ኅብረት ቃለ ጉባኤ ስንት ዓመት የያዘችው እሷ ናት። ለጎረቤቱ ሁሉ ደብዳቤ ስታነብ፣ የመድኃኒት ወረቀት ስታስረዳ ኖራ፣ ዛሬ በአንዲት ቃል ተይዛ ማድቤት ቆማለች። ጉልበቷን ያማታል። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ አልተቀመጠችም።

ቀኑ ጊፋታ ነው፤ የወላይታ ዘመን መለወጫ። ከዳሞታ ተራራ ሥር እስከ መናኸሪያው ድረስ ያልታረደበት ግቢ የለም። ሶዶ ዛሬ ጥሬ ሥጋ ትበላለች። ሀብታሙም ድሃውም፣ አስተማሪውም ነጋዴውም፣ የእንሰት ቅጠል አንጥፎ፣ የቃሪያ ማጥቀሻውን፣ ዳጣውን፣ መሃል አድርጎ፣ ሥጋውን ከትኩሱ ይቆርጣል። በጊፋታ ቀን ሥጋ እሳት ላይ የሚጥል ቤት ውስጥ በሽተኛ ያለበት ነው። እሷም የተወለደችበት፣ ያገባችበት፣ ያረጀችበት ቤት ሁሉ እንዲህ ነበር።

ታዲያ ሣራ ምን ትብላ?

ሣራ የልጇ የጩማ ልጅ ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደገቻት ፈጠነች ናት። አግብታ ገሱባ ነው የምትኖረው፤ ባሏ ኤርሳዶ እዚያ ሒሳብ ያስተምራል። ከሦስት ቀን በፊት ሲመጡ ፈጠነች በር ላይ ተቀብላ ያለቻት የመጀመሪያ ነገር «በዚያ መንገድ? በዚያ መንገድ መጣሽ?» ነበር። ሣራ ሁለት ጊዜ ፅንስ ወርዶባታል። የመጀመሪያው በሦስት ወሩ። ሁለተኛው ባለፈው ኅዳር፣ በአራት ወሩ። ይኸኛው አምስተኛ ወሩን ይዟል። ፈጠነች አልቆጥርም ትላለች፤ ግን ትቆጥራለች። ማታ ተኝታ ትቆጥራለች፣ ጠዋት ፊቷን ስትታጠብ ትቆጥራለች።

ለማንም ያልነገረችው ደግሞ አንድ ነገር አለ። ባለፈው ጊፋታ ሣራ እዚሁ ማድቤት ገብታ «እማማ፣ ይዣለሁ፣ ሁለት ወር ሆነኝ፤ ላንቺ ብቻ ነው የነገርኩት» ብላ በጆሮዋ ስታንሾካሹክላት፣ ፈጠነች በደስታ አልቅሳ፣ ከሻኛው ቆርጣ በገዛ እጇ ሦስት ጊዜ አጎረሰቻት። ጥሬውን። «ደም ይሆንሻል» ብላ። ኅዳር ላይ ያ ሆነ። በዚህ ክረምት ሲስተር ፀዳለን «አንዲት ጎረቤት አለችኝ» ብላ በዘወርዋራ ጠይቃት ነበር። ሲስተሯ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየቻትና «ሊሆንም ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፣ እማማ። አሁን ማወቅ አይቻልም» አለቻት። ፈጠነች ከዚያ ወዲህ ጥሬ ሥጋ ባየች ቁጥር ያቺ ጉርሻ ትመጣባታለች። ለማን ትናገረዋለች?

«እማማ፣ ደህና አደሩ?» ኤርሳዶ ማድቤቱ በር ላይ ቆሟል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገር ድምፁን የሚቀንስ ልጅ ነው። በብብቱ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዟል።

«ደህና አደርክ ልጄ። ሣራ ተነሳች? ውሃ ጠጣች?»

«ተነስታለች። እማማ፣ እባክዎ እንዳይቀየሙኝ።» ጋዜጣውን ገለጥ አደረገው። አዲስ ቢላዋ ነው፤ ትንሽ፣ ፕላስቲክ እጀታ ያለው፣ የሱቅ ተለጣፊው እንኳ ያልተነሳለት። «ለእሷ ብቻ እንዲሆን ብዬ ነው። ጥሬ የነካው ነገር የሷን እንዳይነካው።»

ፈጠነች ወደ ግቢው አየች። «ጩማ አይቶታል?»

«አላዩም።»

«እንዳያይ! በል ስጠኝ።» ቀምታው ከዱቄቱ ጆንያ ኋላ ሸጎጠችው። ይህ ልጅ ሒሳብ ያስተምር እንጂ የቤቱን ሒሳብ አያውቅም። አማች ወደ አማቱ ቤት በጊፋታ ቀን ቢላዋ ይዞ ይመጣል? የጩማን ካራ አያውቀውም? የጩማ ካራ የአባቱ ነው። ብረቱ ከመሳል ብዛት እንደ ሳር ቅጠል ቀጥኗል። ጩማ ከበዓሉ ሁለት ቀን በፊት ደጅ ተቀምጦ ይስለዋል፤ በዕለቱም በዚያ ካራ ቆርጦ በእጁ ያጎርሳል፦ መጀመሪያ እናቱን፣ ቀጥሎ ልጁን፣ ከዚያ የቀረውን ሰው በየዕድሜው። በዚህ ቤት ዓመቱ የሚገባው በዚያች ጉርሻ ነው።

«መሃሉን ቆርጠው ይዩት» አለ ኤርሳዶ፣ ሊሄድ ዞሮ ደግሞ ተመልሶ። «ውጪው ሊያታልል ይችላል። ውስጡ ቀይ ነገር ጭራሽ መኖር የለበትም። ሮዝም ቢሆን አይሆንም። እንደ ጫማ ሶል ይድረቅ፣ ግድ የለኝም።»

«እሺ ልጄ።»

«አየሁት እኮ፣ አንብቤዋለሁ። ትንሽ ሮዝ ካለበት—»

«እሺ አልኩህ። ሂድ፣ ሣራን እይልኝ። ባዶ እግሯን እንዳትሄድ።»

ከሰሉ ቀልቷል። ፈጠነች ከሽንጡ አንድ ወፈር ያለ ቁራጭ መጥበሻው ላይ ጣለችው። ከትፋ ብትጠብሰው ቶሎ ይበስል ነበር፤ ታውቃለች። ግን የተከተፈ ጥብስ በዛሬው ቀን የበሽተኛ ምግብ ይመስላል፤ ሣራም ሰው ሁሉ ትልቅ ቁራጭ ይዞ ሲበላ ትንንሹን በሳህን ስትለቅም አንገቷን ትደፋለች። እንደ ሰው ትብላ ብላ ነው።

«ፈጠነች! በጊፋታ ቀን ጭስ? ማን ታመመ?»

ቦልቴ ነው፣ በሬውን አብሯቸው የተካፈለ ጎረቤት። ከጎህ ጀምሮ ሲገፍፍና ሲበልት የዋለ ሰው፣ ክንዱ በደም እንደጨቀየ፣ የድርሻቸውን የመጨረሻ ሥጋ በእንሰት ቅጠል ተሸክሞ ገባ። የጩማን ካራም በላዩ አጋድሞታል። ሁሉንም ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

«ለሣራ ነው።»

«አሃ።» ድምፁን ቀነሰ። ወሬውን ሰምቷል፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ወደ መጥበሻው ጎንበስ አለ። «እንግዲያስ አውጪው፣ ደርሷል።»

«አሁን እኮ ነው የጣልኩት።»

«አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ። ሥጋው እሳት የሚባል ነገር መኖሩን ካወቀ ይበቃዋል።»

«በደንብ ነው የሚለው ወረቀቱ።»

«እሱ እኮ ነው በደንብ! በኔ ቤት ከዚያ በላይ ከቆየ ውሻውን ነው የምንጠራው።»

«ቦልቴ፣ ቀልድህን ተወኝ። ደክሞኛል።»

ሰውየው አያት። አብረው ነው ያረጁት፤ መቼ መቀለድ እንደሌለበት ያውቃል። ግን ዝም ማለትም አይችልበትም። «ስሚኝ፣ የምሬን ነው። ለብ ለብ አድርጊው። ውጪው ይጥቆር፣ ውስጡ ይቅላ። ጩማም ቀዩን አይቶ ልቡ ይረካል፣ አማችሽም ጭሱ ሸቶት ዝም ይላል። ቤቱ ሰላም ይውላል። ማን ተጎዳ?»

ፈጠነች ከሰሉን አራገበች። ነገሩ እውነት አማልሏት ነበር። ስንት ዓመት እንዲህ ስታደርግ ኖራለች? ለባሏና ለልጇ፣ ለልጇና ለሚስቱ፣ አሁን ደግሞ ለልጇና ለአማቹ፤ ለዚህም ጥቂት፣ ለዚያም ጥቂት። ግን ሣራ ሆድ ውስጥ ያለውን ማን ይደልለዋል? ሥጋውን ገለበጠችው። ከሥሩ ቀይ ውሃ ተንጣጣ።

«እማዬ፣ የምን ሽታ ነው?»

ጩማ ገባ። ጩማ የመሥሪያ ቤት መኪና ሾፌር ነው። ዓመቱን ሙሉ በየወረዳው አቧራ ሲበላ የሚከርም፣ ሃምሳ ያልሞላው ግን የሞላው የሚመስል ሰው። ዛሬ ነጭ ሸሚዙን ለብሷል፤ እጅጌውን ሰብስቧል። መጥበሻውን አየ። ቦልቴ ቀስ ብሎ ተነስቶ «ዳጣውን ልይ» ብሎ ወጣ።

«ለሣራ ነው ልጄ። ሲስተሯ ጽፋለች።»

«ሲስተሯ።» ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። አልጮኸም። መጮህ የሚችልበት ጉልበትም ያለው አይመስልም። «እናቷ ሣራን አርግዛ፣ ሰባት ወሯ ነበር፣ እዚህች ማድቤት ጥሬ ጉበት አልበላችም? አንቺው አልነበርሽ ያቀረብሽላት?»

«ነበርኩ።»

«ሣራ ምን ሆነች? ይኸው የለችም?»

«አለች።»

«ታዲያ?»

ፈጠነች «ሁለቱስ?» ልትለው አፏ ላይ መጣባት። ዋጠችው።

«ጥበሺላት። ትብላው፣ አልከለክልም» አለ ጩማ። «አንዲት ጉርሻ ግን ከእጄ ትጎርሳለች። እማዬ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ። አምና እኔ የለሁም ነበር። ለሥራ መስክ ወጥቼ ሃላሌ ላይ መኪናው ተበላሽቶ በዓሉን እዚያ ዋልኩ። ልጄ ከአባቷ እጅ ሳትጎርስ ዓመቱ ገባ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አየሽ።» እጁን አገላብጦ አየው። «ዓመቱን ሙሉ መሪ ጨብጬ ሌላ ነገር አላሰብኩም። ዘንድሮ አለቃዬን ‹ከሥራ ብታባርሩኝም ጊፋታን ቤቴ ነኝ› አልኩት።»

ፈጠነች እንዲህ ማሰቡን አታውቅም ነበር። ሥጋው ከሰሉ ላይ ይንጫጫል። ልጇ ጉርሻው ቀርቶባት ነው ይላል፤ እሷ ደግሞ ጉርሻው ነው ትላለች። ያቺኑ ጉርሻ። አምና ጩማ ሲቀር፣ ሣራ አንገቷን ሰብራ ስትቀመጥ፣ «በአባትሽ ፈንታ» ብላ ያጎረሰቻት እሷ ናት። አባት በሕይወት እያለ በእሱ ቦታ ማጉረስ ነውር መስሏት ለጩማ አልነገረችውም። ከኅዳር በኋላ ደግሞ ጭራሽ አፏ ታሰረ።

«ልጄ—» አለች።

«በቃ አታስቢ እማዬ። ሲደርስ ጥሪን።» ግን አልወጣም። እዚያው በሩ ላይ ቆሞ ውጪ ውጪውን ያያል።

ሥጋው ጠቆረ። ፈጠነች ገለበጠችው፣ ደግማ ገለበጠችው። አሁን በደንብ ነው? በሹካ ወጋችው፤ የወጣው ውሃ ቀይም አይመስል፣ ነጭም አይመስል። መሃሉን ቆርጠው ይዩት ብሏታል። ቢላዋው ከጆንያው ኋላ ነው። ጩማ በሩ ላይ ነው። ወደ ጆንያው አንድ እርምጃ ሄደች፣ ጩማ ዞር አለ፣ ተመለሰች። ጠረጴዛው ላይ ካራው አጠገቧ ተጋድሟል። ስልሳ ዓመት ሙሉ ሥጋ ለመቁረጥ እጇ ሲዘረጋ የሚያገኘው ካራ ነው። አነሳችው። ሥጋውን መሃል ለመሃል ሰነጠቀችው። አመድማ ነው። ቀይ የለም፣ ሮዝ የለም፣ ጭራሽ።

«ተመስገን ጌታዬ» አለች በልቧ። ሁሉን አስባ ነበር። ለሣራ ሌላ ሳህን አውጥታለች። ሰው ሁሉ ሥጋ የሚያጠቅስበት ዳጣ እንዳይነካት ለብቻዋ በስኒ ቀንሳላታለች። እጇን በሳሙና ታጥባለች። ሥጋውን ወፈር ወፈር አድርጋ ከፈለችው፣ ሳህኑ ላይ ደረደረችው፣ ካራውን በእንሰት ቅጠሉ ጠርጋ ለጩማ ሰጠችው።

ሳሎን ውስጥ ቅጠሉ ተነጥፏል። ጥሬው ሥጋ ቀልቶ፣ ጮማው ነጥቶ ተዘርግቷል። በቆጮና በቅቤ የተሠራው ሙቹዋ በገበታ፣ ዳጣው በጣባ። ሣራ ግድግዳው ሥር ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ፊቷ ገርጥቷል፣ ከዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ኤርሳዶ አጠገቧ ነው። ቦልቴ ክንዱን ታጥቦ መጥቷል። ጩማ አጭር ጸሎት ጸለየ። ከዚያ ካራውን አነሳና ለእናቱ ቆረጠ።

ፈጠነች ከልጇ እጅ ጎረሰች። አላመጠችው፣ አላመጠችው። በዚህ መሃል ጩማ ካራውን በቅጠሉ ሲጠርገው አየች። ስለቱ ላይ ቀጭን ቀይ መስመር ቀረች። ደግሞ ጠረገው። መስመሯ አለች።

ቀና ስትል ሣራ ከሳህኑ አንድ ቁራጭ አንስታ ወደ አፏ እያደረሰች ነው።

«ጣይው!»

እጇን መታቻት። ቁራጩ ምንጣፉ ላይ ወደቀ። ሣራ ደንግጣ ሆዷን ያዘች።

«እማማ! ምን ሆንሽ?»

«አትብይው። ነክቶሻል? ከንፈርሽን ነክቶሻል?» በነጠላዋ ጫፍ አፏን ትጠርጋት ጀመር። «ካራው… መሃሉን ያየሁት በጩማ ካራ ነው። ጥሬ የቆረጠ ነው። ረስቼው። ጌታዬ፣ ረስቼው!»

«ታዲያ ካራዬ ምን ሆነ?» አለ ጩማ። እውነት አልገባውም። ካራ ካራ ነው፤ በበዓል መሃል ካራ የሚያጥብ ሰው አይቶ አያውቅም።

«የሰጠሁዎ ቢላዋስ፣ እማማ?» አለ ኤርሳዶ።

ከአፉ ካመለጠው በኋላ ነው ያወቀው። ጩማ ካራውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«የምን ቢላዋ?»

«የሰው ቤት ቢላዋ ዛሬ ሁሉም ዱልዱም ነው» አለ ቦልቴ፤ «የኔዋ ጠዋት ቆዳውን እያባበለች ነው የገፈፈችው።» ማንም አልሳቀለትም።

«አምጪው እማዬ።»

ሄዳ አመጣችው። መንገዱ ረዘመባት፤ ከሳሎን ማድቤት አሥር እርምጃ ነው። ጩማ ጋዜጣውን ገለጠ፣ ተለጣፊውን አየ፣ ስለቱን በአውራ ጣቱ ሞከረ።

«አይቆርጥም» አለ።

«አባባ፣ እኔ እርስዎን ለማስቀየም ብዬ አይደለም—»

«ቤቴ ቢላዋ የለም መሰለህ?»

«ለእርስዎ ቤት አይደለም ያመጣሁት። ለእሷ ነው። ሁለት ጊዜ እኮ ነው አባባ። በሁለተኛው ጊዜ እኔ ነኝ በእጄ ተሸክሜ በባጃጅ ጤና ጣቢያ ያደረስኳት። እኔ ነኝ።»

ጩማ ቢላዋውን መልሶ በጋዜጣው ጠቀለለው፣ ጥቅሉን ለፈጠነች ሰጣት። «በዚህ ጠብሰሽ ስጫት» አለ። «እስኪከስል ጥበሺው። በማንም ቢላዋ ትብላ። እኔ የምለው አንዲት ነገር ናት።» ካራውን አነሳ፣ ከሻኛው ጥፍር የምታክል ቆረጠ፣ ዳጣ እንኳ አልነካትም፤ ወደ ሣራ ዘረጋት። «ልጄ፣ ይህችን ብቻ። ጥፍር ታህላለች። ባለፈው አባትሽ ስላልነበረ ነው። ይቅር በይኝ። ዘንድሮ አለሁ።»

ሣራ እጁን አየች። ባሏን አየች። ባሏ ግማሽ ተነስቶ፣ ግማሽ ተቀምጦ ቀርቷል። ሣራ የማንንም ወገን የምትይዝ ሰው አትመስልም ነበር፤ እንዲያልቅ ብቻ የምትፈልግ ሰው ነበር የምትመስለው። ዓይኗን ጨፈነች። አፏን ከፈተች።

«ጎርሳለች» አለች ፈጠነች።

ጩማ እጁን እንደዘረጋ ዞረ። «ምን?»

«አምና ጎርሳለች። አንተ ሃላሌ በዋልክበት ቀን። በዚህ ካራ ቆርጬ፣ እዚህ ቦታ ተቀምጬ እኔ አጎረስኳት። እንደያዘች ነግራኝ ነበር፤ እያወቅሁ አጎረስኳት።» ድምፁ ከራሷ የሚወጣ አልመሰላትም። «ስላልጎረሰች አይደለም ልጄ። አንተ ስላልነበርክ አይደለም።»

«እማማ፣ አሁን ይሄን ምን አመጣው?» አለች ሣራ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ዓመት ሙሉ ይዤው ነው የምዞረው። ምክንያቱ እኔ ነኝ ይሆናል። ላልሆንም እችላለሁ፤ ሲስተሯ አይታወቅም ብላለች። ግን እኔ ልሆን እችላለሁ።»

ኤርሳዶ ወደ ሚስቱ ዞረ። «አልነገርሽኝም።»

«ብነግርህ ምን ልታደርግ? እማማን ልትጠላልኝ?» አለች ሣራ። «ማንም አያውቅም እኮ። አንተም አታውቅም፣ አባዬም አያውቅም፣ ሲስተርም አታውቅም። እኔ ራሴ አላውቅም፤ ሆዴ ውስጥ እየሆነ።» ዓይኗን ገለጠች። «ደከመኝ። ርቦኛል። ዝም ብላችሁ የሆነ ነገር ስጡኝ።»



«ስንት ጊዜ ነው ያጎረስሻት?» አለ ጩማ።

«ሦስት።»

«ከሻኛው?»

«ከሻኛው።»

«ምን ብለሽ?»

«በአባትሽ ፈንታ ብዬ።»

ጩማ እጁ ላይ ያለችውን ቁራጭ አያት። ለእናቱም አልሰጣት፣ እሱም አልበላት። ከጥሬው ሥጋ ላይ፣ ከቆረጣት ቦታ፣ መልሶ አስቀመጣት። እዚያው ላይ በጣቱ ተጫናት፣ የወጣችበትን እንደሚገጥም ሰው።

ፈጠነች ወደ ከሰሏ ተመለሰች። ሌላ ቁራጭ ከሽንጡ አነሳች፤ ስስ አድርጋ በኤርሳዶ ቢላዋ ልትከትፍ ሞከረች። አይቆርጥም ያለው እውነቱን ነው፤ እንደ መጋዝ እየሳበች ቀደደችው። የበሽተኛ ምግብ ይምሰል፤ አሁን ምን ቀረ። ቢላዋውን በፈላ ውሃ አጠበችው፣ መጥበሻውን አጠበችው፣ እጇን አጠበች፣ ደግማ አጠበች። ሥጋውን መጥበሻው ላይ ጣለችው። ሣራ ከሳሎን ተነስታ መጥታ በቦልቴ በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ ጣል አድርጋ ጭሱን ዝም ብላ ታያለች። ነጠላ ጫማ ማድረጓን ፈጠነች አየች፤ ይህም አንድ ነገር ነው።

ሥጋው ጠቆረ፣ ተኮማተረ፣ ደረቀ።

«በቃ እማማ» አለች ሣራ።

«ትንሽ ይቆይ።»

«ከሰል ሆነ እኮ።»

«በደንብ ነው የሚለው። መሃሉን ልየው።» አንዱን በቢላዋው ጨፍልቃ ከፈለችው። መሃል የሚባል ነገር አልቀረለትም። ሌላውንም ከፈለችው። ሦስተኛውንም። ከዚያ ሳህን ላይ አድርጋ ሰጠቻት።

ሣራ ማኘክ ጀመረች። ድምፁ ይሰማል፣ እንደ ቆሎ። ፈጠነች ቆማ አገጯን ታያለች፤ ስትውጥ አብራ ትውጣለች። ይህ ይበቃል? ከዚህም በላይ ነበር የሚፈልገው? በማድቤቱ መስኮት ጩማ ግቢው ቧንቧ ጋ ቁጭ ብሎ ይታያል። እጁን በሳሙና እየታጠበ ነው። አረፋውን አለቀለቀ። ሳሙናውን ደግሞ አነሳ፤ እስከ ክርኑ፣ የጥፍሩን ሥር ሁሉ፣ አንድ በአንድ። ከወለደችው ጀምሮ እንዲህ ሲታጠብ አይታው አታውቅም። ውሃውን ዘጋ። እጁን በምንም አላደረቀም።

ገባ። ጃኬቱ የተሰቀለው ማድቤቱ በር ኋላ ነው። አወረደው፣ ትከሻው ላይ ጣለው። መጥበሻውን አየ፤ የልጁን ሳህን አየ። ሣራ ማኘኳን አቆመች።

«ጩማ፣ ምንም ሳትበላ?» አለች ፈጠነች። «በዓል እኮ ነው። ወዴት ነው?»

በጉርሻው ፈንታ እርጥብ እጁን የልጁ ራስ ላይ አሳረፈ፣ ጥቂት ብቻ፣ ከዚያ አነሳው። እናቱን ሳያያት በአጠገቧ አለፈ። የግቢውን በር ከፍቶ ወጣ፤ ካራው ሳሎን ቅጠሉ ላይ ቀርቷል።